ሰባት ጊዜ ስምንት፣ በክራር

ይሁኔ ሆዴ፣

ከተለያየን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ደህና ቦታ እንዳለህ አምናለሁ፤ ባይሆን እንኳ እናትህ ባደረሱልህ የጸሎት ብዛት እስካሁን ወደ ደህናው ተዛውረሃል። እኛም ደህና ነን። ይህን የምልህ ሆዴን በሆዴ ይዤ አንተን ለማጽናናት አይደለም። እውነቴን ነው፣ ደህና ነን።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። "ነገ እሠራዋለሁ" ስትለው የኖርከው የጓሮ በር ተሠራ። ማጠፊያው ተቀይሯል፣ አሁን ሲከፈት አይጮህም። ያንን ጩኸት ከእኔ ድምፅ ጋር እያመሳሰልክ ስትስቅብኝ ስለኖርክ፣ አናጺው ጨርሶ ሲሄድ ትንሽ ቅር አለኝ። ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል አዲስ ቆርቆሮ ገብቶለታል። ልጃችን ቤዛ ዘጠነኛ ክፍልን ጨረሰች፤ በቁመት እኔን አልፋኛለች፣ በአፍም እንደዚያው። ክራር የምትቃኘው በስልኳ ነው። ክሩን ስትመታው ስልኩ ሰምቶ፣ ከፍ ብሏል ወይም ዝቅ ብሏል ብሎ ይነግራታል። አንተ ለመቃኛ ድምፅ ፍለጋ ተማሪዎችህን ከአስፋልቱ ዳር አሰልፈህ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጥሩንባውን ሲነፋ "ይችን ድምፅ ያዟት፣ እንዳትጥሏት" እያልክ እስከ ክፍል ድረስ በአፋቸው እያስዜምክ ታመጣቸው እንደነበር ስነግራት ፈጥሬ የማወራ ይመስላታል። በከተማችን በሉማሜ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ያለ ደሞዝ ረዳት መምህርህ ነበር፤ አንዱም ግን አላወቀም።

ዋናው ወሬዬ ግን ሌላ ነው። የሙዚቃ ክፍልህ አልተዘጋም። ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር፣ ግን አልተዘጋም። ይህን እንድታውቅልኝ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

አርባህ ከወጣ በኋላ ሥራ ስገባ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ካጽናናኝ በኋላ ያንተን ክፍለ ጊዜዎች ለስድስተኛ ክፍል ፈተና ማጠናከሪያ ሊያደርጋቸው እንዳሰበ ነገረኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ታውቀው የለ፣ ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ወረዳው ለሒሳብ እንኳ መምህር አጥቶ ለሙዚቃ ይልካል ብሎ የሚጠብቅም አልነበረም። ክራሮቹስ አልኩት። ዕቃ ቤት ይቀመጣሉ አለኝ። ያንን ዕቃ ቤት አንተ ታውቀዋለህ። እዚያ ከተሰባበሩት ወንበሮች ሥር የገባ ነገር ተመልሶ ወጥቶ አያውቅም። ከልጆቹ ጋር ከዘይት ቆርቆሮ የሠራሃቸው፣ የባጃጅ ፍሬን ገመድ እየፈታህ ክር ያበጀህላቸው፣ እያንዳንዱ ልጅ በወደደው ቀለም የቀባቸው ክራሮች አንድ በአንድ እዚያ ሲገቡ ታየኝ። አንድ ጊዜ ቀብሬሃለሁ፤ ሁለተኛ ልቀብርህ አልፈለግኩም። እኔ አስተምራለሁ አልኩት።

ሳቀ። አልፈርድበትም። በሰልፍ ላይ መዝሙር ሲዘመር ከንፈሬን ብቻ የማንቀሳቅስ ሰው መሆኔን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። እስከ ሰኔ ሞክሪው፣ ወላጅ ቅሬታ ይዞ ከመጣ ግን በዚያው ቀን ያበቃል አለኝ። ተስማማሁ። የሒሳብ ውጤት ለወላጅ እየነገረ የኖረ መምህር ወላጅ አይፈራም።

የመጀመሪያው ቅሬታ ግን ከወላጅ ሳይሆን ከቤት መጣ። ጥቁር ለብሼ፣ ፀጉሬን ተቆርጬ፣ በጠራራ ፀሐይ ልጆች ሰብስቤ ሳስዘፍን ያየ ሰው ምን እንደሚል አንተም ትገምታለህ። ያን ጊዜ ሙት ዓመትህ ገና ነበር፤ በቤታችን ሬዲዮ እንኳ አልተከፈተም፤ እኔ ግን ክራር ይዤ ሜዳ ወጣሁ። እናትህ እማማ ጥሩ ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡኝም። ዝም አሉኝ። እሳቸው ዝም ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። በዚህ አገር ለቅሶ ቤት ሁሉ ሙሾ አውራጅ ሆነው የኖሩ፣ ለማያውቁት ሟች እንኳ ቃል የማያጥራቸው ሴት ለእኔ አንዲት ቃል አጡ። ቤታችን መምጣት ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ በአንገታቸው ብቻ ሰላም ይሉኛል። የሰፈሩ ሐሜት ከጆሮዬ አላለፈም፤ የእሳቸው ዝምታ ግን አመመኝ። ብዙ ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ።

ማስተማሩን እንዴት እንደጀመርኩት ልንገርህና ሳቅብኝ። የምችለውን ይዤ ገባሁ፣ የምችለው ደግሞ ማባዛት ነው። ሦስተኛ ክፍሎች የሰባትን ብዜት በቃላቸው መያዝ አቅቷቸው ስለነበር፣ በዜማ ባደርግላቸው በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ እመታለሁ ብዬ አሰብኩ። ሰባት ጊዜ ሰባት አርባ ዘጠኝ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት። ዜማውን ራሴ ፈጠርኩት። ማለቴ፣ የፈጠርኩት መስሎኝ ነበር። ደብተር ሳርም በአፌ መጣልኝና እንዳይጠፋኝ እየደጋገምኩ ትምህርት ቤት ድረስ ይዤው ሄድኩ። ክራሮቹን በዚያ ዜማ ልክ አንድ በአንድ ቃኘኋቸው። ቤዛ ያን ጊዜ ስልኳን ለዚህ ሥራ አላዋለችውም ነበር፣ ስለዚህ ዳኛው የእኔው ጆሮ ነው፤ ምን ዓይነት ዳኛ እንደሆነ ታውቃለህ።

ልጆቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያዙት። አልዋሽህም፣ ተኮፈስኩ። አንተ አንድ ዜማ ለማስያዝ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅብህ አውቅ ነበርና፣ ይሁኔ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እያልኩ በኮሪደሩ ቀና ብዬ ተራመድኩ። ባልደረቦቼ በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን ይደፋሉ። አንዲት መምህርትም ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። በሥራዬ ተነክታ ነው ብዬ ይበልጥ ደስ አለኝ። ልጆቹ እንዳይሳሳቱብኝ ደግሞ ቀስ አድርገው እንዲሉት አዘዝኳቸው፤ በሰባትና በስምንቱ መካከል ትንፋሽ እንዲወስዱ፣ መልሱን ጎትተው እንዲጨርሱት።

ከዚያ ትዕግሥት የምትባል ተማሪዬ ዘፈኑን ይዛ ቤቷ ገባች። አያቷ አያ ሞላ ወገባቸውን ታመው ከተኙ ሰንብተዋል። ልጅቱ ጓሮ ሆና ጎመን እየቀነጠበች ቀስ ብላ ታንጎራጉራለች። ሽማግሌው ከአልጋቸው ሆነው ይሰማሉ። ጋቢያቸውን ለብሰው ግድግዳ ይዘው ወጡና ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። ማንም አልሞተም አለቻቸው። እንግዲያው ለእኔ ነው አሉ፤ ተመልሰው ተኙና የንስሐ አባታቸው እንዲጠሩላቸው አዘዙ። ቄሱ መጡ። አያ ሞላ ተናዘዙ። ከደብረ ኤልያስ ሳይቀር ዘመድ ተጠርቶ ተሰበሰበ። ሁሉም ከበው ሲጠባበቁ ትዕግሥት እንደገና ጀመረችው፤ ያን ጊዜ ነው እናትየው ዘላ አፏን የያዘችውና ከማን ተማርሽው ያለቻት። ሒሳብ ቲቸር ናት ያስተማረችን አለች።

በእኛ አገር ሟች በሌለበት ቤት ልጅ ሙሾ ሲያንጎራጉር ምን እንደሚባል መቼም አትረሳውም። ሟርት ነው። በማግስቱ ጠዋት ወላጆች በትምህርት ቤቱ በር ተሰበሰቡ። ለካ የየቤቱ ልጅ ያንኑ ሲያዜም ነው የሰነበተው፤ አንዱ በከብቶቹ በረት፣ አንዷ ታናሽ ወንድሟን እሹሩሩ ስትል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የፈጠርኩት ዜማ እናትህ በለቅሶህ ድንኳን ያወረዱት ዜማ ነበር። ልጆቹም በቀብርህ ዕለት ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ቆመው ሰምተውታል። በራሴ ጉብዝና ስኮፈስ የሚያውቁትን ነበር የምደግምላቸው። ባልደረቦቼም ሐዘኗን እየተወጣች ነው ብለው ነው ለካ አንገታቸውን ደፍተው የሚያልፉት።

ስብሰባው በባሕር ዛፎቹ ሥር ሆነ። ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ ቆሞ ዓይኔን አላይ አለ፤ ቃላችን ምን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። የትዕግሥት አባት መጀመሪያ ተነሳ። ማባዛቱን አልጠላንም፣ ልጆቻችንን ግን በቁማችን አታስለቅሽብን አለ። በትክክል ተናግሯል። አንዲት ሴት ደግሞ፣ ሐዘኗ ስላልወጣላት ነው፣ ጥቂት ትረፍ አለች። ከኋላ የነበረ አንድ ሰው ልጁን አዝማሪ እንድትሆን ትምህርት ቤት እንዳልላካት ተናገረ። ይሄን ጊዜ ደሜ ፈላ። ተነስቼ፣ ዜማ እንደማላውቅ፣ የለቅሶው መሆኑንም እንዳልለየሁት፣ ነገር ግን ልጆቻቸው ዛሬ ሰባት ጊዜ ስምንትን ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ እንደማይስቱት ነገርኳቸው። የፈለገ ይጠይቃቸው አልኩ። አላለቀስኩም።

እማማ ጥሩ ከሴቶቹ መካከል ተነሱ። ከእኔ ጋር እንደማይነጋገሩ ያልሰማ አልነበረም፤ እሳቸው አንዲት ቃል ከተናገሩብኝ ነገሩ እንዳለቀ አወቅኩ። ልጆቹ እንዲመጡ ጠየቁ። መጡ፣ ተሰለፉ። በሉ አሏቸው። ልጆቹ እኔ እንዳስተማርኳቸው ቀስ ብለው፣ ጎትተው ጀመሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። ሃምሳ ስድስት ላይ ሲደርሱ እማማ ጥሩ በእጃቸው አስቆሟቸው።

ያሉትን ቃል በቃል ልጽፍልህ እሞክራለሁ። "ይች ዜማ የለቅሶ አይደለችም" አሉ። "ለስንቱ ሬሳ ያወረድሁትን ለልጄ ልድገመው ብል አልሆንልሽ አለኝ። እሱ በልጅነቱ ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ሽቦ ሲያጠማዝዝ የሚያንጎራጉራትን አነሳሁ። የልጅ ዜማ ናት፣ ፈጣን ነበረች። ለእንባ ብዬ ያዘገየኋት እኔ ነኝ። ይች ደግሞ የሰማችውን ደገመች። ያውም እየቆጠረች።" ይህን ሲሉ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። የመጨረሻዋን ነገር ያሏት ለማሾፍ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ፤ አንተም ስታሾፍ እንደዚያው አገጭህን ታነሳ ነበር።

ከዚያ ምርኩዛቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ማጨብጨብ ጀመሩ። ቶሎ ቶሎ ነው ያጨበጨቡት። ልጆቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ሁለት ሦስቱ ያዙት፣ የቀሩትም ተከተሉ። ያቺው ዜማ፣ ያው ቁጥር፣ ትንፋሽ መውሰጃ እንኳ የለው። ክራር የያዙት ገቡበት፣ ከበሮ የያዘችዋም አልቀረች። እኔ ከነእርማት ብዕሬ ስንት ዓመት በአንድ ክፍል ከአንተ ጋር ተቀምጬ፣ ስታንጎራጉር ሰምቼ እንዳልሰማሁ ያለፍኩትን ያን ጊዜ ሰማሁት። አንተ ነበርክ። በለቅሶው ይሁን ከአንተ አፍ የያዝኩት እስካሁን አላውቅም፤ ሁለቱም የአንተ ስለሆነ አልጨነቅበትም።

የወላጆቹን ትከሻ ብታየው። ቅሬታ ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸውና ላለመነቃነቅ ይታገላሉ፤ ግን ጎጃሜ ናቸው፣ እስከ መቼ ይታገላሉ። በሰው ተደግፈው የመጡት አያ ሞላ፣ እኚያ የተናዘዙት ሰውዬ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ምርኩዛቸውን አንስተው ሰባት ጊዜ ዘጠኝን ስላልሰማኋት ከመጀመሪያው ድገሙልኝ አሉ። ተደገመላቸው። የትዕግሥት አባት ከሳቀ በኋላ ስብሰባው ስብሰባ መሆኑ ቀረ።

ሁሉም ተስማማ ብዬ አልዋሽህም። ያ ከኋላ የተናገረው ሰው ልጁን ከክፍሌ አስወጣት። ሌሎቹ ሲዘፍኑ እሷ ቤተ መጻሕፍት ትቀመጣለች። ከፋሲካ በኋላ ራሷ ተመልሳ መጣች፤ አባትሽ ፈቀደ ወይ ስላት ትከሻዋን ሰበቀች፣ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። ርዕሰ መምህሩ ግን ያን ዕለት ወላጆች ሲበተኑ ጠጋ ብሎ፣ ቀጥይ፣ ብቻ እንዳታዘገይው አለኝ።

እማማ ጥሩ ከስብሰባው ቀጥታ አብረውኝ ወደ ቤት መጡ። ያቀረብኩላቸውን በሉ። ሲጨርሱ፣ እኔ ልጄን በድምፅ ነው የምቀብረው፣ አንቺ ደግሞ በድምፅ ልታኖሪው ፈለግሽ፣ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር አሉኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ሙሾ አላወረዱም፣ እንደማንኛውም ሰው ነው ያለቀሱት።

ከዚያ ወዲህ የሚቀብሩት ሰው ከሌለ ዓርብ ዓርብ ክፍሌ ይመጣሉ። ከኋላ ወንበር ይቀመጡና የተሳሳተ ጣት ሲያዩ ምላሳቸውን ጠቅ ያደርጋሉ። ልጆቹ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይፈራሉ። በዐቢይ ጾም ከበሮውን አንነካም፣ ዘፈኑንም እናሳርፈዋለን፤ የላላውን ቆዳ የምንወጥረውና የተበጠሰውን ክር የምንቀይረው ያን ጊዜ ነው። እኔም በዚያው ወራት መቃኘት ተማርኩ። አሁን አንዱ ክር ዝቅ ሲል ይሰማኛል። ቤዛ ከነስልኳ እየመጣች ታረጋግጣለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ሆኜ እገኛለሁ። ሳልሆን ስቀር ስልኩ ተበላሽቷል እላለሁ።

ሙት ዓመትህ በወጣ ዕለት እናትህ ነጭ ቀሚስ ይዘው መጡ። ጥቁሩን አውልቄ ለማጠፍ ስሞክር ከእጄ ወሰዱት። ለልጆቹ ነው፣ ከሉን እያዩ መዝፈን አይችሉም አሉኝ። ሰው ምን ይላል የሚለውን እሳቸው ስለተሸከሙልኝ እኔ ላስብበት አላስፈለገኝም። በሰኔው የወላጆች ቀን ያንኑ ለብሼ ቆምኩ። ልጆቹ ከማባዛት አልፈው አምስት ዘፈን ተጫወቱ። ሦስቱ አንተ ያስተማርካቸው ናቸው፣ አንዱ የእናትህ ነው፣ አንዱን ትልልቆቹ ራሳቸው ሠሩት። የራሳቸው የተሻለ ነበር። ይህን ስልህ ቅር እንደማይልህ አውቃለሁ።

አሁን ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ የክረምት ሥልጠና ላይ። በማልፈው መንገድ ዝናቡ አያባራም፤ ጫማዬ ሳይደርቅ ነው ጠዋት ጠዋት የምወጣው። ኖታ ማንበብ እየተማርኩ ነው፤ ቁጥር ነው፣ ለእኔ አይከብድም። ከመስከረም ጀምሮ በደብዳቤ የተመደብኩ የሙዚቃ መምህርት ነኝ፤ የሒሳቡን ግማሽ ለአንድ አዲስ ወጣት መምህር አስረክቤያለሁ። ይሁኔ፣ ክፍልህን የያዝኩት ላንተ ብዬ ነበር። አሁን የያዝኩት ወድጄው ነው። ይህን ማወቅ ያለብህ መሰለኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ዘንድሮ የገቡት አንደኛ ክፍሎች አያውቁህም። ማባዛትም ገና አልደረሱም፤ ግን ዜማህን ከታላላቆቻቸው ለምደው ቁጥሩ ሳይገባቸው ይዘፍኑታል። ለእነሱ የማንም አይደለም፣ የግቢው ነው። መጀመሪያ ከፋኝ። አንድ ቀን ክፍል ገብቼ፣ ይህን ዜማ ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ጀመርኩ። ዓይናቸው ክራሮቹ ላይ ነው። ከፊት የተቀመጠችው ጥርሰ ወላቃ፣ ቲቸር አንጀምርም ወይ አለችኝ። ተውኩትና ጀመርን።

ስለዚህ ቃሌ ይሄ ነው። አንተን ማስታወሱን ለእኔ ተወው፣ እስካለሁ አላጎድልብህም። እነሱ ይዝፈኑ።

ያንተው የሺ